የሳተርን ቀለበትና የአያት ከዘራ

ሚጢጢ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ቤታቸው ከአባቷ የመነጽር ሱቅ በላይ፣ አሥራ አራት ደረጃ ተወጥቶ ነው። ሚጢጢ እውነተኛ ስሟ አይደለም፤ ቁመቷ አጠር ስለሚል አያቷ ያወጡላት የቁልምጫ ስም ነው። እሷ ግን አጭር መሆኗን አታምንም። «ገና እያደግኩ ነው!» ትላለች።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷን ታግዘዋለች። መነጽሮቹን በለስላሳ ጨርቅ ትወለውላለች። ዓይኑን ሊመረመር የመጣ ሰው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ፣ የመመርመሪያውን መሣሪያ በዓይኑ ልክ የምታስተካክለው እሷ ናት። ረጅም ሰው ከመጣ ወደ ላይ ትገፋዋለች፤ ልጅ ከመጣ ወደ ታች ትስበዋለች። መሣሪያው እሺ ባይ ነው። በዚህ ሥራዋ ትንሽ ትኮራለች። ትንሽ አልኩ እንጂ ብዙ ነው።

አያቷ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። ሳተርን የምትባለው ፕላኔት ዙሪያዋን ቀለበት እንዳላት አርባ ዓመት ሙሉ አስተምረዋል። ነገር ግን ራሳቸው አንድም ቀን አይተዋት አያውቁም። ትምህርት ቤቱ ቴሌስኮፕ አልነበረውማ! አሁን ደግሞ የግራ ዓይናቸው ፈዟል፤ የቀኙም እየደከመ ነው።

አንድ ቀን እራት ላይ፣ «አርባ ዓመት በወሬ የማውቃትን፣ ዓይኔ ሳይጠፋ አንዴ ባያት ደስ ይለኝ ነበር» አሉ።

አባቷ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ታዲያ ትምህርት ቤት ተዘግቶ የለ? ቅዳሜ ተራራው ላይ እንወጣለን» አለ።

ልጆች፣ ይህ ተራራ እንዲሁ እንደ ዋዛ የሚወጣ ተራራ አይደለም። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት እሳት ይተፋ ነበር። አሁን ተኝቷል። ጫፉ ከደመና በላይ ስለሆነ፣ ከዚያ ሆኖ ሰማይን ለማየት ሰው ከሩቅ ይመጣል።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ተነሡ። ሌሎች ስድስት ተሳፋሪዎችም ነበሩ። እናቷ ሱቁን ልትጠብቅ ቀረች፤ ግን ለሚጢጢ ሁለት ሹራብ፣ አንድ ካፖርትና ሁለት ካልሲ ደራርባ አልብሳት ስለነበር፣ ልጅቷ መኪናው ውስጥ የገባችው በግድ ተገፍታ ነው።

መንገዱ እየተጠማዘዘ ወጣ። መጀመሪያ ዛፎቹ አጠሩ። ከዚያ ቁጥቋጦ ብቻ ሆነ። ከዚያ ጥቁር ድንጋይ ብቻ። ግማሽ መንገድ ላይ ሾፌሩ መኪናውን አቆመ።

«ደረስን?» አለች ሚጢጢ።

«አልደረስንም። ከዚህ በላይ አየሩ ስስ ነው። ሰውነታችን ቀስ ብሎ እንዲለምደው አንድ ሰዓት እናርፋለን» አለ ሾፌሩ። «የቸኮለ ሰው እላይ ደርሶ ራሱን ይዞ ነው የሚቀመጠው።»

አያቷ ከመንገዱ ዳር አንድ ትልቅ ድንጋይ አንሥተው ሰጧት። ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ክብደት ግን የለውም! «ከእሳቱ ጋር ሲወጣ አረፋ ነበር» አሏት። «አረፋው እንዳለ ደረቀ።» ሚጢጢ ድንጋዩን በአንድ እጇ ከራሷ በላይ አነሣችና፣ «አባዬ፣ ጉልበቴን እየው!» ብላ ጮኸች። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ።

ጫፉ ላይ የደረሱት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ወፍራም የሱፍ ኮፍያ ያደረገች ሴት ከቴሌስኮፕዋ አጠገብ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር። ሚጢጢ ሮጣ ሄደች።

«እትዬ፣ ኮከብ ቆጣሪዋ እርስዎ ነዎት?»

«ኧረ በእግዚአብሔር!» አለች ሴትዮዋ እየሳቀች። «ኮከብ ቆጣሪማ ዕድልሽን ልንገርሽ የሚለው ነው። እኔ እንኳን ያንቺን ዕድል፣ የነገ ምሳዬንም አላውቅ። እኔ የከዋክብት ተመራማሪ ነኝ።»

ቀልደኛ ሴት ናት። ስለ ሥራዋ ስትናገር ግን ቀልድ የለም። ሁሉንም ሰብስባ እንዲህ አለቻቸው፦ «ዓይናችን ጨለማውን እንዲለምድ መብራት አይበራም። የቴሌስኮፑን ቱቦ ደግሞ ማንም አይነካም። ዓይናችሁን ብቻ ታስጠጋላችሁ። ትንሽ ከተነቃነቀ ሳተርን ትጠፋብናለች፤ እስካገኛት ድረስ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል።»

ሚጢጢ ይህን ሰምታለች? ሰምታለች። በአንዱ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጣ እንጂ። ምክንያቱም ልክ በዚያን ጊዜ ከዋክብቱ መውጣት ጀመሩ። በከተማ የምታውቃቸው ሃያ ወይም ሠላሳ ይሆናሉ። እዚህ ግን ጣት ማሳረፊያ እንኳ ቦታ የቀረ አይመስልም።

«አባባ፣ ማነው ይህን ሁሉ የበተነው?»

«አንድዬ ነዋ» አሉ አያቷ። «ሲሰጥ አይሰስትም።»

ሴትዮዋ ቴሌስኮፑን ሳተርን ላይ አነጣጠረች። «አባባ፣ እርስዎ ይቅደሙ። ቆይ የሚቀመጡበት ከፍ ያለ በርጩማ ላምጣልዎ። ግን ቶሎ እንበል፤ ከታች ጉም እየወጣ ነው» ብላ ሄደች። አያቷ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ወደ ሰማይ አንጋጠው ቆሙ። ሌሎቹም በጨለማው ውስጥ ሰማዩን ያያሉ። ሚጢጢ ሁለተኛ ተራ ላይ ነበረች።

ሁለተኛ መሆን ከባድ ነው፤ አይደል? እጇን በላት። «አንዴ ብቻ ልይ፤ ማንም አያውቅም» አለች በልቧ። ወደ ፊት ተጠጋችና በእግር ጣቷ ቆመች። አልደረሰችም። ታዲያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ሱቅ ውስጥ እንደለመደችው ቱቦውን በሁለት እጇ ያዘችና፣ ወደ ዓይኗ ልክ ሳበችው!

ቱቦው «ቋ!» አለ። ሚጢጢ ዓይኗን ለጠፈች። ጨለማ ብቻ ነው። ሳተርንም የለችም፣ ቀለበትም የለም። ደንግጣ ለቀቀችውና ወደ ቦታዋ ሸሸች።

ሴትዮዋ በርጩማውን ይዛ ተመለሰች። ጎንበስ ብላ አየች። «ማነው የነካው?» አለች። ወደ ሚጢጢ ዞረች። «አንቺ ነሽ?»

«እኔ? እኔ አልነካሁም!» አለች ሚጢጢ። ምላሷ ከሐሳቧ ፈጠነ።

ያን ጊዜ አያቷ ተናገሩ። «ይቅርታ ልጄ፣ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ቋ ሲል ሰምቻለሁ። በጨለማ ከዘራዬ ገጭቶት ይሆናል። በሉ እኔ መጨረሻ ልሁን፤ ደግሜ እንዳላበላሽባችሁ።»

ከዘራቸውን ከመሬት አንሥተው፣ ሌላ ነገር እንዳይመታ በብብታቸው አቀፉት። አባቷ ክንዳቸውን ይዞ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ወሰዳቸው። ያለ ከዘራ እየተንገዳገዱ ነው የሄዱት። ሚጢጢ ይህን ሁሉ አየች።

ሴትዮዋ ቱቦውን ስታስተካክል ቆየች፤ ቆየች። ጉሙ ከታች እየቀረበ መጣ። በመጨረሻም፣ «አገኘኋት! ነይ፣ ተራሽ ነው» አለቻት።

ያውላችሁ ልጆች! ሳተርን ከነቀለበቷ እዚያው ናት። በርጩማው ላይ ወጥቶ ዓይንን ማስጠጋት ብቻ ነው የቀረው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ሚጢጢ ግን እስኪነጋ መጠበቅ አትችልም፤ ጉሙ ሳተርንን ከሸፈናት አያቷ ምንም ሳያዩ ወደ ቤት ሊመለሱ ነው። እንደዚህ ያለ ጭንቅ ገጥሟት አያውቅም።

«እትዬ» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«እኔ ነኝ የሳብኩት! ሱቃችን ውስጥ ያለው የዓይን መመርመሪያ ሲስቡት ይመጣል። የአባባ ከዘራ ምንም አልነካም። ዋሽቻለሁ።» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ሴትዮዋ ወደ እሷ ጎንበስ አለች። «መንካትሽስ ይሁን» አለች። «ሽማግሌው ራሳቸውን ጥፋተኛ ሲያደርጉ ዝም ማለትሽ ግን አሳዝኖኛል። ሂጂ አምጪያቸው። አንቺ መጨረሻ ትሆኛለሽ።»

«እሺ» አለች ሚጢጢ። በዚያ ስስ አየር እያለከለከች ሮጠች፤ የአያቷንም እጅ ያዘች። «አባባ፣ ይምጡ! እርስዎ አይደሉም፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔ እኮ ምስኪኑን ከዘራዬን ስቆጣው ነበር!» አሉ አያቷ። ከዚያም ራሷን ዳበስ አደረጉ። «ይቅር ብዬሻለሁ፣ የኔ ልጅ። አሁን ቶሎ ምሪኝ፤ ጉም ይቅርታ አያውቅም።»

አያቷ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ቀኝ ዓይናቸውን አስጠጉ። ጨፈን አድርገው እንደገና ገለጡት። ሚጢጢ ፈራች።

«አባባ፣ አልታየችዎትም?»

«አለች» አሉ በሹክሹክታ። ከዚያ ጮክ ብለው፣ «አለች!» አሉ። ቀጥለውም ሳቁ። «ጉድ ነው! አርባ ዓመት ተሳስቻለሁ። እኔ ሰሌዳ ላይ ቀለበቱን ከእሷ ጋር አጣብቄ ነበር የምስለው። ለካስ አይነካትም! በመሀሉ ክፍተት አለ።»

ሌሎቹም በየተራቸው አዩ። ሚጢጢ መጨረሻ ላይ በርጩማው ላይ ወጥታ ዓይኗን ስታስጠጋ ግን ጉሙ ደርሶ ነበር። የታያት ግራጫ ብቻ ነው። «የዛሬው አበቃ» አለች ሴትዮዋ። ሚጢጢ አለቀሰች? አዎ፣ ትንሽ። አልዋሻችሁም።

ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ሾፌሩ ወደ ኋላ ጮክ ብሎ ተናገረ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ሰባተኛ ክፍል አስተምረውኛል። ሳተርንን አጣብቄ ስዬ አሥር ከአሥር ሰጥተውኛል!»

«እንግዲያው ማርኬን መልስ!» አሉ አያቷ። መኪናው በሳቅ ተናወጠ። እሳቸው ግን ሳቁ ሲያበቃ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እውነቱን ለመናገር፣ አሳስቼሃለሁ ልጄ፤ ይቅርታ። ሰው ፊት እንዲህ ማለት ያሳፍረኝ ነበር። ዛሬ ከልጅ ልጄ ተማርኩ።»

ሚጢጢ ይህን ስትሰማ ፊቷን ካፖርታቸው ውስጥ ደበቀች። ሳተርንን አላየችም። ልቧ ግን ቀለላት፤ በጣም ደስም አላት። ቤት እስኪደርሱ ድረስ የአያቷን እጅ አልለቀቀችም።

ልጆቼ፣ የእኛን ጥፋት ሌላ ሰው ሲሸከመው ዝም ብለን አንይ፤ ብናፍርም፣ ተራችን ቢያልፍም፣ እውነቱን እንናገርና ይቅርታ እንጠይቅ።