ባልዲው ያልገባበት ቪዲዮ

«እስቲ እንደገና አጫውተው!» አለ ፖስተኛው ዱዌን፣ የጎረሰውን የጎድን ጥብስ ሳይውጥ።

የኦፓል አባት ሮይስ ስልኩን ከፍ አድርጎ ያዘው። የሩፈስ ጥብስ ቤት ደንበኞች ወንበራቸውን እየጎተቱ ተሰበሰቡ። ስክሪኑ ላይ ቀይ ቁምጣ የለበሰ ረጅም ልጅ ኳስ ይወረውራል። ኳሷ ከእጁ አፈትልካ ወጣችና አየር ላይ እንደ ሰካራም ተንገዳግዳ መሬት ወደቀች። ቀጣይዋም እንደዚያው ሆነች። የመጨረሻዋ ጭራሽ ወደ ጎን ሄዳ አጥሩን መታች። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«ከሉዊዚያና ድረስ ተለምኖ የመጣው ይሄ ነው?» አለ ዱዌን እንባውን እየጠረገ። «ልጁ እጁን ቅቤ ተቀብቶ ነው እንዴ የመጣው?»

ስሙ እዚያው ወጣ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቴሮን ፎንቴኖ የሚባል ልጅ ሚላርድ ከተማ ውስጥ አልነበረም፤ «ቅቤው» ብቻ ነበር።

ኦፓል ግን አልሳቀችም። ፊቷ ያለው ሳህን እንደ ቀረበላት ነው። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ቪዲዮውን የቀረጸችውም እሷ ናት።

ሚላርድ፣ አላባማ ውስጥ ሰው ልጅ ሲወለድለት እንኳን እንዲህ አይመዝነውም። የዴልሞር ኮሌጅ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን አዲስ ኳርተርባክ ሲያመጣ ነው ከተማው ሁሉ ሚዛን ይዞ የሚወጣው። ኳሱን የሚወረውረውም ጨዋታውን የሚመራውም እሱ ነው፤ እሱ ከሰመረ ሰው ሁሉ ደረቱን ነፍቶ ይከርማል፤ ካልሰመረ እስከ ገና ድረስ ኩርፊያ ነው። ስለዚህ ቴሮን ገና ከጥር ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ጎሚስታ ቤት፣ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሳይቀር ሲመዘን ከረመ። ቁመቱ፣ የመዳፉ ስፋት፣ አረማመዱ፣ ኧረ የእናቱ ጠባይም አልቀረ! ግማሹ «ይሄ ልጅ ተአምር ነው» ይላል፤ ግማሹ «ቆይ እስቲ እናያለን» ይላል።

ቦታውን ሲጠብቅ የኖረው ደግሞ ሌላ ሰው አልነበረም፤ የኦፓል ወንድም ዴክስተር ነው። ዴክስ ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሌላው አጨብጭቧል። ዘንድሮ ተራው ደረሰ ሲባል ይሄ ልጅ ከተፍ አለ። ቅዳሜ የፀደይ ግጥሚያ አለ፤ ቡድኑ ለሁለት ተከፍሎ እርስ በርሱ ይጫወታል፤ አሠልጣኙም ማን እንደሚጀምር ያኔ ይወስናል።

«ማን ቀረጸው?» አሉ ሚስ ሎታ ከጥግ። ነጭ ፀጉራቸውን በቡድኑ ቀይ ሪባን የሚያስሩ፣ ከባላቸው ቀብር ማግስት እንኳን ስታዲየም የተገኙ ሴትዮ ናቸው።

«ልጄ ናታ!» አለ ሮይስ፣ የኦፓልን ትከሻ ጨብጦ። «ዓይን አላት፤ በእኔ ወጥታ ነው።»

«አንቺ፣ ሌላ ውርወራስ አልቀረጽሽም? እኔ ልጅን በዚህ ብቻ አልመዝንም።»

«የለም፣ ሚስ ሎታ» አለች ኦፓል። «ይሄው ነው።»

አልነበረም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ የኦፓል ሆድ ግን አወቀና ጭራሽ መብላት እምቢ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማክሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ ዴክስን ልትጠብቅ ልምምድ ሜዳው አጥር ጋ ቆማ ነበር። ቴሮን ብቻውን ጥግ ላይ ይወረውራል። አጠገቡ ውኃ የሞላ ብርቱካንማ ባልዲ አለ፤ እያንዳንዷን ኳስ እዚያ ውስጥ ይነክርና እያንጠባጠበች ይወረውራታል። ውድድሩ በሚካሄድበት ጥቅምት ዝናብ ሲመጣ ኳስ ሳሙና ትሆናለች፤ ጎበዝ ወርዋሪ ለዚያ ቀን ከወዲሁ እጁን ያለማምዳል። ይሄንን ለኦፓል የሚነግራት ሰው አያስፈልጋትም። ልጅ ሆና ጓሯቸው ውስጥ ለዴክስ ኳስ ስትነክርለት የኖረችው እሷ ናት፤ እናታቸው «የወለል መወልወያ ባልዲዬን መልሱ!» እያለች ስትጮህ።

ግን ኳሷ ስታመልጠው ስታይ ደስ አላት። ምን ይደረግ፣ ደስ አላት! ስልኳን አወጣችና መቅረጽ ጀመረች። በኋላ ደግሞ ቆረጠችው፤ ባልዲው የሚታይበትን አወጣች፣ ሦስቱን መጥፎ ውርወራ ብቻ አስቀረች። ለአባቷ ብቻ ላከችለት፦ «አይዞህ፣ ብዙም አያስፈራም።» አባቷ ደግሞ የደጋፊዎቹ ገጽ ላይ ለጠፈው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሲመሽ አውራጃው ሁሉ አይቶት ነበር።

በማግሥቱ ትምህርት ቤት ሄደች፤ አንዱ ቀልደኛ ሰሌዳው ላይ ቅቤ ስሎ ኳስ አስይዞታል። የሒሳብ አስተማሪው ሳይቀር ሳቀ። «አንቺ፣ ቪዲዮው ያንቺ ነው አሉ! አራዳ ነሽ ባክሽ!» አሏት በስሟ ጠርተዋት የማያውቁ ልጆች። በሌላ ጊዜ ቢሆን በደስታ ትሞት ነበር። አሁን እስክሪብቶዋን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከፈተች፣ ዘጋች፤ አጠገቧ ያለችው ልጅ በመጨረሻ ነጠቀቻት።

ሐሙስ ከሰዓት ዴክስ እንደ ልማዱ ያደፈ ልብሱን በትልቅ ከረጢት ተሸክሞ ቤት መጣ። ኮሌጁ ማጠቢያ ማሽን ቢኖረውም «የእማዬ ይሻላል» ይላል። ኦፓል ከማሽኑ አጠገብ ያለው ማድረቂያ ላይ ወጥታ ቁጭ አለች።

«ቪዲዮውን አየኸው?»

«ያላየው አለ እንዴ?» ካልሲዎቹን አንድ በአንድ ወደ ማሽኑ ይወረውራል፤ አንዱም አልሳተም። «መልበሻ ክፍል ውስጥ ሲሳቅ ነው የዋለው።»

«ቴሮንስ?»

«እሱማ ምን ይላል። ምሳውን ብቻውን በላ።» ዴክስ እጁ ላይ የቀረውን ካልሲ አየት አደረገ። «ማክሰኞ ነው አይደል የቀረጽሽው?»

ኦፓል ዓይኗን ወደ ካልሲዎቹ አዞረች።

«ማክሰኞ ማክሰኞ ባልዲውን ይዞ ይወጣል» አለ ዴክስ። «ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፤ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ቅዳሜ ይለፍ አልኩ። የማልረባ ነኝ አይደል?»

«አይደለህም!»

«ሁለት ዓመት ጠበቅኩ እኮ፣ ኦፒ።» ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ሲጨርስ ሁልጊዜ አንድ ደረቅ ኳስ ይወረውራል። እሷንስ ቀርጸሻል?»

«የለም» አለች ኦፓል ቶሎ ብላ። «ባትሪ ጨረስኩ።»

ዴክስ ጆሮዋን አየ። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትዋሽ ጆሮዋ እንደሚቀላ ያውቃል። «እንኳን ጨረስሽ» አለና የማሽኑን ክዳን ዘጋው።

እሱ ከሄደ በኋላ ክፍሏን ዘግታ ሙሉውን ቪዲዮ አየችው። ከባልዲውና ከእርጥቦቹ ኳሶች በኋላ ያለውን የደረቋን ኳስ ውርወራ ከማክሰኞ ወዲህ ደፍራ አላየችውም ነበር። ዴክስ ጥሩ ወርዋሪ ነው፤ ከልቧ ታምናለች። ግን ዴክስ እንዲያ ወርውሮ አያውቅም። ማንም እንዲያ ሲወረውር አይታ አታውቅም። ስልኩን ትራሷ ስር ከተተችው፣ መልሳ አወጣችው፤ ልታጠፋው ጣቷን አስጠጋችና ተወችው።

ቅዳሜ ጠዋት የስታዲየሙ መኪና ማቆሚያ እንደ ሠርግ ቤት ደምቆ ነበር። ጭሱ፣ ሙዚቃው፣ የሚሯሯጠው ሕፃን! ሮይስ ፒካፑን ከሚስ ሎታ ጥላ አጠገብ አቁሞ፣ ቴሌቪዥኑን ከኋላ ደግኖ፣ ቋሊማ ይጠብሳል። ዱዌን የበረዶ ሣጥኑን ከፍቶ ለኦፓል አሳያት። በወረቀት የተጠቀለለ ቅቤ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶበታል።

«ቅቤው ሜዳ ሲገባ ሁላችንም እናውለበልባለን! ያንቺ ይኸው፣ የኛ ካሜራማን።» እጇ ላይ አኖረላት። ቅቤው ይቀዘቅዛል።

«ልጁ እኮ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው» አሉ ሚስ ሎታ።

«ታዲያ በልጅነቱ ይልመደው!» አለ ዱዌን፤ ሁሉም ሳቀ።

ያን ጊዜ የነጋሪቱ ድምፅ ተሰማ። ከግጥሚያ በፊት ተጫዋቾቹ በደጋፊው መሐል በእግራቸው ነው ወደ ስታዲየሙ የሚገቡት፤ ሰው ግራና ቀኝ ተሰልፎ ትከሻቸውን እየመታ ያሳልፋቸዋል። ዴክስ ሲመጣ ጩኸቱ ቀለጠ። ሮይስ የቋሊማ መቆንጠጫውን እንደያዘ ዘለለ። ዴክስ ግን አንገቱን ደፍቶ አለፈ።

ቴሮን ከኋላ ነበር። ቪዲዮው ላይ ከሚታየው ይልቅ ልጅ ነው፤ አገጩ ላይ ብጉር አለው። አንዲት ሕፃን ልጅ በአባቷ ትከሻ ላይ ሆና ቅቤዋን ወደ ፊቱ ዘረጋችለት። የምትሰጠው መስሎት እጁን ሊዘረጋ ሲል ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ቴሮንም አብሮ ሊስቅ ሞከረ። ከዚያ ቀኝ እጁን፣ ያንን የሚወረውርበትን እጁን፣ ኪሱ ውስጥ ከተተና እስከ በሩ ድረስ ሳያወጣው ሄደ።

ኦፓል አፈረች፤ ከጆሮዋ እስከ አንገቷ በእፍረት ጋየች። እጇ ላይ ያለው ቅቤ መቅለጥ ጀምሯል። ሣጥኑ ውስጥ መልሳ ጣለችውና እጇን ሱሪዋ ላይ ጠርጋ ስልኳን አወጣች።

«አባዬ፣ ቴሌቪዥኑን ልጠቀምበት?»

«ምን ልታሳይን ነው? ሌላም አለሽ?» ሮይስ ፊቱ በራ። «ኑ፣ ኑ! ልጄ ሌላ ቪዲዮ አላት!»

ዱዌን መጣ፤ ሌሎቹም ከየመኪናቸው መጡ። ሚስ ሎታ መነጽራቸውን አደረጉ። ኦፓል ስልኳን ከቴሌቪዥኑ ጋር ስታገናኝ ሁለቴ ተሳሳተች።

«ያሳየኋችሁ ቆርጬው ነው» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ቀጠነ። «ሙሉው ይሄ ነው።»

መጀመሪያ የታየው ባልዲው ነው። ብርቱካንማ፣ ትልቅ፣ በውኃ የተሞላ። ቴሮን ጎንበስ ብሎ ኳስ ነከረ፣ ቀና አለ፣ ወረወረ። ውኃው ከኳሷ ሲረጭ በፀሐይ ታየ። ሁለተኛዋን ነከረ።

የሳቀ የለም። ቋሊማው መጥበሻው ላይ ይንጫጫል።

«ነክሯት ነው እንዴ?» አለ ዱዌን ቀስ ብሎ። «ወይ ጉድ! ልጁ ለዝናብ እየተዘጋጀ ነዋ!»

«ኤዲያ!» አሉ ሚስ ሎታ። «እኔ ምን አልኩ? ሰው ሳያጣሩ ስም ማውጣት! በል ያንን ሣጥንህን ዝጋ!»

ዱዌን ዘጋው። ሮይስ ግን ባልዲውን ገና ሲያየው ነበር የገባው፤ እሱም ለዴክስ ኳስ ሲነክር የኖረ አባት ነው። ልጁን አያት፤ ቁጣ አልነበረም ፊቱ ላይ፤ የጨነቀው ሰው ይመስል ነበር። ስክሪኑ ላይ የመጨረሻዋ እርጥብ ኳስ ሄዳ አጥሩን መታች።

አባቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «በቃ የኔ ልጅ፣ ገብቷቸዋል። ጥሩ አደረግሽ። አሁን ዝጊው።»

መዝጋት ትችል ነበር። ስሙ ጸድቷል፤ ቅቤው ሣጥን ገብቷል፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ባያዩ ማንም ምንም አይላትም። አውራ ጣቷ ማቆሚያው ላይ አረፈ። ከስታዲየሙ ውስጥ የማሟሟቂያው ፊሽካ ተሰማ፤ ዴክስ እዚያ ነው፤ አሁን ትከሻውን እያፍታታ ይሆናል። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ትንሽ ቀርቷል፣ አባዬ» አለች፤ ጣቷንም አነሳች።

ስክሪኑ ላይ ቴሮን እጁን በፎጣ ጠረገና ከቦርሳው ደረቋን ኳስ አወጣ።