ባዶ ወንበር ሞልቶ የቆመችው አሮጊት

«እማዬ፣ አውቶቡሱ ከኛ ሰፈር ካለፈ በኋላ የት ነው የሚሄደው?»

ይህን የጠየቀችው ኤፍራታ ናት፤ የስድስት ዓመት ልጅ። የተጠየቀችው እናቷ ማስተዋል ናት። ማስተዋል በእንግሊዝ አገር፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ አውቶቡስ ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት ተመላልሳለች። ከሥራዋ ወዲያ ያለውን ግን አንድም ቀን አላየችው።

«እንጃ ልጄ፣ ገጠር መሰለኝ» አለቻት።

ልጅ በእንጃ ይመለሳል እንዴ? አይመለስም። ኤፍራታ ሳምንቱን ሙሉ ጠየቀች። ማስተዋልም በመጨረሻ «እንግዲያው ቅዳሜ ሄደን እናየዋለን» አለች።

ሻማውን እስቲ ወደዚህ ጠጋ አድርጉልኝ። ልጆቹን መሃል አስገቧቸው። መብራቱ ዛሬ የሚመጣ አይመስለኝም።

ወሩ ታኅሣሥ ነበር። በዚያ አገር የታኅሣሥ ፀሐይ ሰነፍ ናት። ረፍዶ ትወጣለች፤ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ልግባ ትላለች። ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ሲል ድቅድቅ ጨለማ ነው። በአሥር ሰዓት ተኩል! መንገዱ ደግሞ ጠባብ ነው። ከግራም ከቀኝም ቁጥቋጦ አጥር ይዞታል፤ አውቶቡሱ ሲያልፍ ቅርንጫፉ መስኮቱን ይቧጥጠዋል። ቤት የለም፣ ሰው የለም፣ መብራት የለም። ይህን መንገድ ያዙልኝ።

ጠዋት ሲሄዱ ግን ብርሃን ነበር፤ ደስ ይል ነበር። ሹፌሩ ተሳፋሪውን ሁሉ በስሙ ያውቃል፤ የአንዱን ጉልበት፣ የሌላዋን ድመት እየጠየቀ ይነዳል። ሰዉ ሲወርድ ያመሰግነዋል። ያለ ጭቃ የተደረደረ የድንጋይ አጥር ኮረብታውን ይወጣል፣ ይወርዳል። በጎቹ በአጥሩ ውስጥ ይግጣሉ።

«እማዬ፣ የበጎቹ ጀርባ ሰማያዊ ነው!»

«ቀለም ተቀብተው ነው። የማን እንደሆኑ እንዲታወቅ።»

«እኔስ የማን እንደሆንኩ በምን ይታወቃል?»

«በአፍንጫሽ። የአባትሽን ጎራዳ አፍንጫ ማን ይሰርቃል ብለሽ ነው?»

ሁለቱም ሳቁ። አውቶቡሱ መጨረሻው ላይ አደረሳቸው። የመንደሩን ስም አልነግራችሁም፤ ማታ ስሙ ባይጠራ ይሻላል። አንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በሩ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት ተሰቅላለች። ዙሪያውን መቃብር ነው፤ የመቃብሩ ድንጋይ ዘመም ዘመም ብሏል። ማስተዋል ተሳለመች። ከዚያ ኩሬ ዳር ተቀምጠው ዳቧቸውን በሉ። ኤፍራታ ፍርፋሪውን ለዳክዬዎቹ ሰጠች፤ አንዷ አልደረሳትም ብላ እንደገና ሰጠች። እንዲህ ሲሉ መሸ። የመመለሻው አውቶቡስ ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

ሮጠው ደረሱ። በዚያ መንገድ ቆመህ እጅህን ካልዘረጋህ አውቶቡስ አይቆምልህም፤ ጥሎህ ይሄዳል። ማስተዋል እጇን ዘረጋች። ቆመላቸው። የጠዋቱ ሹፌር ነው።

«ዳክዬ ስትቆጥሩ ዋላችሁ?» አለ። «ግቡ፣ ግቡ፤ ዛሬ እኔና እናንተ ብቻ ነን።»

እውነቱን ነው፤ ሌላ ሰው አልነበረም። ኤፍራታ መስኮቱ ጋ፣ ማስተዋል አጠገቧ ተቀመጡ።

ጥቂት እንደሄዱ አውቶቡሱ ቆመ፤ በሩም ተከፈተ። ማን ገባ? ማንም። ብርድ ብቻ ገባ። ሹፌሩ ወደ ጨለማው አየና «እጅ የተዘረጋ መስሎኝ ነበር» ብሎ ዘጋው።

ትንሽ ሄዱና ደግሞ ቆመ። «አሁንስ በርግጥ እጅ አይቻለሁ!» አለ። ማንም የለም። ነገር ግን በደረጃው ላይ ጠብ፣ ጠብ የሚል ነገር ተሰማ። ዝናብ ነበር? አልነበረም። ሹፌሩ ዘግቶ ነዳ።

ማስተዋል የልጇን ኮት ቆለፈችላት። ቀና ስትል አጠገቧ አንዲት አሮጊት ቆማለች።

ስትገባ አላየቻትም። ብረቱን ይዛ ቆማለች። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል፤ ከኮቷ ጫፍ ውኃ ይንጠባጠባል። አውቶቡሱ ሙሉ ባዶ ወንበር ነው፤ ከፊትም ከኋላም። እሷ ግን ቆማለች፤ እዚያው፣ ከማስተዋል ትከሻ አጠገብ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

የዚያ አገር ሰው ቢሆን «ባዶ ወንበር ሞልቷል፣ ከፈለገች ትቀመጥ» ብሎ ዝም ይላል። ማስተዋል ግን ትልቅ ሰው ቆሞ መቀመጥ ነውር ነው ተብላ ያደገች ናት። ባዶ ወንበር አለ የለም ብላ አልቆጠረችም፤ ጉልበቷ ራሱ አስነሳት።

«ኖር፣ እናቴ! ይቀመጡ» አለች።

አሮጊቷ ተቀመጠች። ኤፍራታ አጠገብ። አመሰግናለሁ አላለችም።

ማስተዋል ከኋላቸው ያለው ወንበር ላይ ልትቀመጥ ዞረች፤ ጉልበቷ አልታጠፍ አለ። ደክሞኝ ነው ብላ እንደገና ሞከረች፤ እምቢ አለ። ብረቱን የያዘው እጇ አልላቀቅ አለ። ግራ ቢገባት ወደ መስኮቱ አየች። ውጭው ጨልሞ መስኮቱ መስታወት ሆኗል። በመስታወቱ ውስጥ ልጅቷ አለች። አሮጊቷም አለች። ማስተዋል የለችም።

ወራጅ መኖሩን ለሹፌሩ የሚነግረውን ቀይ ቁልፍ ተጫነች። አልጮኸም። ሹፌሩን ተጣራች። አፏ ተከፈተ እንጂ ድምፅ አልወጣም። በመስኮቱ ያ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ከነቢጫ መብራቱ አለፈ። እሰይ፣ መንገዱን አወቅሁት አለች በልቧ። ትንሽ ቆይቶ ያው ቤተ ክርስቲያን አለፈ። ደግሞ አለፈ። ቅርንጫፉ መስኮቱን ይቧጥጣል፤ አውቶቡሱ ይሄዳል፤ የትም አይደርስም።

ኤፍራታ እንቅልፍ ጥሏት ራሷን አሮጊቷ ትከሻ ላይ አሳረፈች።

«እማዬ፣ እጅሽ ቀዘቀዘ» አለች።

ይህን ያለችው ለማን ነው? ለአሮጊቷ ነው! ዓይኗን ሳትገልጥ፣ የአሮጊቷን እጅ ይዛ።

አሮጊቷ ያን ጊዜ ተናገረች፤ ፊቷን ሳታዞር።

«ስንት ክረምት ቆምኩ መሰለሽ። ሰዉ ባዶውን ወንበር እያየ ያልፈኛል። አንድም ሰው ተነስቶልኝ አያውቅም። አንቺ ተነሳሽልኝ። እንግዲህ ቦታሽ የኔ ነው፤ መቆሙ ያንቺ ነው።»

ማስተዋል ልታስነሳት አሰበች። ግን ብረቱ ይዟታል። ደግሞስ ትልቅ ሰው ከተቀመጠበት እንዴት ያስነሱታል? አያችሁ፣ በሁለት በኩል ታሰረች፤ በብረቱም፣ ባደገችበትም። የልጇ ፊት እንደ አሮጊቷ ፊት እየነጣ ሲሄድ ታያለች።

ለሰው የሚሆን ድምፅ ከጠፋ ለማን ይነገራል? በልቧ «ጌታዬ» አለች፤ ሌላ ቃል አልመጣላትም። «ጌታዬ» ብላ ልትሰግድ ጎንበስ አለች። ለወንበር እምቢ ያለው ጉልበት ለስግደት ታጠፈ። እጇም ከብረቱ ተላቀቀ። በእርጥቡ ወለል ላይ ተንበረከከች፤ ግንባሯም ወለሉን ነካ።

ቀና ስትል ድምፅዋ ተመልሷል። የልጇን አንድ እጅ ያዘች። ሌላውን አሮጊቷ ይዛዋለች።

«ቦታው የኔ ነው» አለች አሮጊቷ። «ሰጥተሽኛል።»

ማስተዋል በአማርኛ መለሰችላት። ሙት ቋንቋ አይቸግረውም።

«አዎ እናቴ፣ ቦታው የእርስዎ ነው። ይነሱ አልልዎትም፤ እንደተቀመጡ ይቀመጡ። እኔ እዚህ ወለሉ ላይ እሆናለሁ። ልጄን ግን ከወንበሩ ጋር አልሰጠሁዎትም።»

ሳበች። አሮጊቷም ሳበች። ልጅቷ እንደ ድንጋይ ከበደች። «አልሰጠሁዎትም፣ እናቴ» ትላለች ማስተዋል፤ ትስባለች፤ «ይቅር ይበሉኝ፣ አልሰጠሁዎትም።» ኤፍራታ ከወንበሩ ተንሸራታ ከእናቷ ጉያ ወደቀች።

«እማዬ! ለምን መሬት ተቀመጥሽ?»

አውቶቡሱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሹፌሩ ዞሮ ጮኸ።

«ሴትዮ፣ ወለል ላይ መቀመጥ ክልክል ነው! ይህ ሁሉ ወንበር አንሶሽ ነው?»

«አሮጊቷስ?» አለች ማስተዋል።

«የምን አሮጊት? ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ፤ እኔ እኮ...» ብሎ ተነስቶ መጣ። ወንበሩን አየው። ውኃ ቋጥሯል፤ መሃሉ የተቀመጠበት ሰው እንዳለ ጎድጉዷል። ሹፌሩ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ተነሳሽላት?»

«አዎ፤ ቆማ ነበር።»

«ወንበር ባዶ እያለ ለሰው ሲነሱ እዚህ አገር አላየሁም» አለ በቀስታ። ወደ መሪው ተመለሰ፤ ከተማ እስኪደርሱ የትም አልቆመም። በመንገድ ዳር ሌላ እጅ አይቶ ይሆን? እሱ ያውቃል። ማስተዋልና ኤፍራታ ወለሉ ላይ ተቃቅፈው ሄዱ፤ ክልክል ነው አላላቸውም።

እናንተም በጨለማ፣ በባዶ መንገድ፣ ብቻችሁን ስትሄዱ፣ ቦታ ሞልቶ አጠገባችሁ የሚቆም ካለ ተጠንቀቁ። ምን እንደምትሰጡ ሳታውቁ አትስጡ።

በማግስቱ እሁድ ነበር። ማስተዋል ነጠላዋን ለብሳ፣ ልጇን ይዛ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው አውቶቡስ ተሳፈረች። ሦስተኛው ፌርማታ ላይ አንዲት አሮጊት ምርኩዝ ይዘው ገቡ። ውጭው ይዘንባል፤ ኮታቸው ርሷል። ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው። መጥተው ከማስተዋል አጠገብ ቆሙ።

የማስተዋል ልብ ምን እንዳለ እናንተ ገምቱት።

ኤፍራታን ከመስኮቱ ጋ አንስታ አቀፈቻት፤ እግሮቿን በወገቧ ዙሪያ አስጠመጠመቻት፤ እጇን በልጅቷ ጀርባ አጥብቃ ቆለፈች። ከዚያ ተነሳች።

«ኧረ የኔ ልጅ፣ ቦታ ሞልቷል እኮ!» አሉ ሴትዮዋ እየሳቁ።

«አውቃለሁ እናቴ። ይቀመጡ» አለች። የስድስት ዓመት ልጇን እንዳቀፈች፣ ክንዷ እየዛለ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እስኪደርሱ ቆማ ሄደች።