ሱቅ የሚከፍት እጅ

ተጠቅላዩ የሱቅ በር ጉልበት ድረስ ተነሣና ቆመ። ፈርሀት ትከሻውን ከሥሩ አስገብቶ ሽቅብ ቢገፋው ከላይ ካለው ሳጥን ውስጥ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ እንጂ በሩ ንቅንቅ አላለም። ወደ ታች ሲስበውም እንቢ አለ። ከሸማ ተራ ሱቆች ሁሉ የእነ ሂዳያ ብቻ አፉን ግማሽ ከፍቶ ቀረ።

ሂዳያ የቁርሱን ፌስታል እንደያዘች ከኋላው ቆማ ነበር። ደነገጠች ማለት ይከብዳል። እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ ጋሽ ጠይብ ነጠላና ጋቢ ሻጭ ናቸው፤ ጠዋት ሱቅ የሚከፍት እጅ የቀና ካልሆነ ቀኑን ሙሉ ገበያ አይገኝም ብለው ያምናሉ። እጁ የቀናው ሰው «ቢስሚላህ» ብሎ በሩን በቀኙ ያነሣዋል፣ ከዚያ ደንበኛው ይመጣል። ያቺ የቀናች እጅ ከልጅነቷ ጀምሮ የሂዳያ ነበረች። ክር የምትሸጠው ጎረቤታቸው እትዬ ሐመልማል እንኳ አንዳንድ ቀን «እስቲ የኔንም ንኪልኝ» ትላት ነበር።

ከዚያ የአጎቷ ልጅ ፈርሀት ከኮምቦልቻ መጣ። አንድ ቅዳሜ እሷ እንቅልፍ ጥሏት ስታረፍድ እሱ ከፈተው፤ በዚያው ቀን ደግሞ ሠርግ የደገሱ ሰዎች መጥተው መደርደሪያውን አራግፈውት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ የሱቁ ቁልፍ ፈርሀት ኪስ ገባ። አባቷ ክፉ ቃል አልተናገሯትም። «አንቺማ ትምህርትሽን አጥኚ» ብቻ ነው ያሏት። ሂዳያ ግን ጠዋት ጠዋት የቁልፉን ኳኳታ ከፈርሀት ኪስ በሰማች ቁጥር ቁርሷን ትታ ትነሣለች።

ስለዚህ በሩ ሲቆም «እሰይ» አለች፣ በሆዷ።

ጋሽ ጠይብ ደርሰው አዩትና ራሳቸውን ያዙ። ዐረፋ ቀርቧል፤ የዓመቱ ደህና ገበያ ማለት ይህ ሰሞን ነው። የበር ባለሙያውን ሶሬሳን ደወሉለት። እህል በረንዳ ሌላ በር ላይ ተሰቅሎ ነበርና ከእኩለ ቀኑ የዙሁር ሶላት በፊት እንደማይደርስ ነገራቸው። ይሄኔ ፈርሀት እጅጌውን ሰበሰበ።

«አጎቴ፣ ባለሙያ ምን ያደርግልዎታል? እኔ አለሁ አይደል? ኮምቦልቻ ጋራዥ ስሠራ ስንቱን ፈትቼ ገጥሜያለሁ።»

የአባቷ ፊት ወዲያው በራ። «ማሻአላህ» አሉ። ከጎረቤት መሰላልና የመፍቻ ከረጢት ተዋሱለት። ጋቢ ይዞ የመጣ ሸማኔ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጋ እየጠበቃቸው ስለነበር ሊሄዱ ሲነሡ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «አንቺ ዕቃ አቀብይው» አሏት።

ዕቃ አቀብይው። በገዛ ሱቋ።

እትዬ ሐመልማል ክሯን እያጠነጠነች ከወዲያ ማዶ ታያቸው ነበር። «ሂዱዬ፣ ዛሬ ደግሞ ረዳት ሆንሽ?» አለቻት። ለጨዋታ ነው፤ ቢሆንም ሂዳያን እንደ መርፌ ወጋት።

ፈርሀት መሰላሉ ላይ ወጥቶ የሳጥኑን ክዳን አነሣ። ውስጡ በሩ የሚጠቀለልበት ወፍራም ዘንግ ይታያል፤ ዘንጉ ላይ ደግሞ ጥቁር የብረት ሞላ ተጠምጥሟል። ሂዳያ ይህን ሳጥን ታውቀዋለች። የዛሬ ሁለት ዓመት ሶሬሳ ይህንኑ በር ሲሠራ በስልክ መብራት የያዘችለት እሷ ነበረች። ሰውዬው ምንም ሳይነካ አስቀድሞ ዘንጉን በብረት ደግፎ ጥርቅም አድርጎ አሰረው። ለምን እንደሆነ ስትጠይቀው ግራ እጁን ዘረጋላት። የመሃል ጣቱ ከግማሽ በላይ የለችም።

«ሞላው ውስጥ ብዙ ጉልበት ተጠምጥሞ ነው የተቀመጠው፣ ልጄ» አላት። «ዘንጉን ሳታስሪ ቡሎኑን ከፈታሽ፣ ያን ሁሉ ጉልበት ባንድ ጊዜ ነው የሚለቀው።»

ፈርሀት ምንም አላሰረም። በፉጨት እያንጎራጎረ ቡሎኖቹን ይነካካል።

ማን ጠየቀኝ፣ አለች ሂዳያ ለራሷ። ዕቃ አቀብይ ነው የተባልኩት። ሲያቅተው አባ ይየው። ያኔ ቁልፉ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለ ሶሬሳ ጣት ማሰብ አልፈለገችም፤ በሩ ተበላሽቶ እንደቀረ፣ አባቷ ራሳቸውን እየነቀነቁ ቁልፉን እንደሚሰጧት፣ እሱን ብቻ ነበር የምታስበው።

«ትልቁን መፍቻ» አላት ፈርሀት ዘወር ሳይል።

አቀበለችው።

የመጀመሪያው ቡሎን ላላ። ከሳጥኑ ውስጥ ያው «ቀጭ» የሚለው ድምፅ መጣ፤ በሩም ከላይ እስከ ታች ተንቀጠቀጠ። ፈርሀት ሁለተኛውን ቡሎን በዳበሳ ለማግኘት ጣቶቹን በዘንጉና በግድግዳው ብረት መሃል አስገባ። ሂዳያ አንጋጣ አየቻቸው። ቀጫጭን ናቸው፤ አውራ ጣቱ ልክ እንደሷ ወደ ኋላ የተቀለበሰ፣ ልክ እንደ አባቷ።

«ፈርሀት፣ እጅህን አውጣ።»

«አቦ አትረብሺኝ፣ አንዷ ብቻ ነች የቀረችው።»

«የጋሽ ሶሬሳን የመሃል ጣት አይተሃት ታውቃለህ?»

«አላየሁም።»

«ስለሌለች ነው። እንዲህ ያለ በር ነው የወሰዳት።»

ፉጨቱ ቆመ። እጁን ቀስ አድርጎ፣ ከሚያንቀላፋ ውሻ አጠገብ እንደሚያነሣ ሰው አወጣው። ወርዶ የመሰላሉ የታችኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ሂዳያ ስለ ሞላው፣ ስለ ዘንጉ፣ መታሰር ስላለበት ብረት ነገረችው። ጨርሶ ሰማትና፣

«ይህን ሁሉ እያወቅሽ መፍቻውን አቀበልሽኝ?» አላት።

 «ቁልፉን ወሰድክብኝ» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

ፈርሀት የሚቆጣ መስሏት ነበር። እሱ ግን ከኪሱ ቁልፉን አውጥቶ እንደ እንግዳ ዕቃ አገላብጦ አየው።

«ጋራዥ ውስጥ ዕቃ በናፍጣ ሳጥብ ነው የኖርኩት። አንድም ነገር ፈትቼ አላውቅም» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ታዲያ ምን ልበል? አንቺ ስታረፍጂም ልጃቸው ነሽ። እኔ አንድ ነገር ካልሠራሁ እንግዳ ነኝ። እንግዳ ደግሞ ይሸኛል።»

ሂዳያ ይህን አንድም ቀን አስባው አታውቅም ነበር። እሷ በቁልፍ ስትቀናበት፣ እሱ ያለ ሥጋት በምትተኛው እንቅልፍ ሲቀናባት ከርሟል።

መሰላሉን አነሡት። ደንበኛ ጎንበስ ብሎ እንዳይገባም በሩ ፊት ለፊት ባዶ ካርቶን ደረደሩ።

ጋሽ ጠይብ ጋቢውን ወዛደር አሸክመው ሲመለሱ በሩን እንደቆመ አገኙት። «ምነው ፈርሀት፣ አልሆነልህም?» አሉት። ፈርሀት አቀረቀረ። ቃሉ ሂዳያ ምላስ ላይ ነበር፦ ዋሽቶሃል፣ ምንም አያውቅም። ከዚህ በላይ ማለት አያስፈልጋትም፤ ቁልፉ ዛሬውኑ የሷ ነው።

«እኔ ነኝ ያስቆምኩት፣ አባ» አለች። «ሞላው ሳይታሰር ከተነካ ጣት ይቆርጣል። ጋሽ ሶሬሳ መብራት ስይዝለት ነግሮኛል። እሱን እንጠብቀው።»

አባቷ ቀና ብለው የላላውን ቡሎን አዩ። ከዚያ የፈርሀትን እጅ ያዙና እንደሚገዙት ሸማ ፊትና ጀርባውን አገላብጠው ተመለከቱ።  ስልካቸውን አውጥተው ሶሬሳን «የያዝከውን ጥለህ ና» አሉት።

ሶሬሳ ከዙሁር በኋላ መጣ። መጀመሪያ ዘንጉን አሰረ፤ ከዚያ ነው መፍቻ የጠየቀው። አመሻሹ ላይ በሩ ግራሶ ቅባት ጠጥቶ በሁለት ጣት የሚነሣ ሆነ።

ማግስቱ እሑድ ቢሆንም የዐረፋ ሰሞን ነውና ሱቁ ይከፈታል። ጋሽ ጠይብ ቁልፉን ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው «ውሰዱ» ብለው ወጡ፤ ማን እንደሚወስድ አልተናገሩም። ሂዳያ ፈጥና አነሣችው። ሸማ ተራ እስኪደርሱም በጭብጧ ይዛው ሄደች። የግራውን ጓጉንቸር ቁልፍ ከፈተች፣ የቀኙንም ከፈተች። ቀኝ እጇን መያዣው ላይ አሳረፈች። ፈርሀት እጁን ኪሱ ከቶ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ ኪሱ ዛሬ ድምፅ የለውም።

ቅናቷ የትም አልሄደም፤ እንደ ጠዋት ብርድ አንገቷ ሥር ነበር። መያዣውን ጥቂት ይዛው ቆየችና ለቀቀችው።

«ዛሬ አንተ አንሣው።»

«አንቺስ?»

«ነገ ከትምህርት በፊት እኔ ነኝ። ዛሬ ገበያ ከጠፋ ግን የማን እጅ እንደሆነ ለአባ እነግረዋለሁ።»

ፈርሀት ሳቀ። «ቢስሚላህ» ብሎ በቀኙ ሳበው፤ በሩም ያለ ኮሽታ ተነሣ። ወገቧ ጋ ሳይደርስ ሂዳያ ጎንበስ ብላ ቀድማው ገባች።