የተስተካከለ ምት

የሮክ ባንዱ ሥራ ያቆመው ዘፋኙ ጉሮሮውን ታሞ ነው። እስኪሻለው ድረስ ሁሉም ወደየቤቱ ሲገባ ድራመሩ ብቻ ማረፍ አልሆነለትም። ጊታሪስቱ «ሥራ ፈልግ፤ ለራስህ ባታዝን እንኳ ለምትደበድበው ጠረጴዛ እዘን» ብሎ ቀለደበት።

ፈለገ። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆቴል ውስጥ ጃዝ ይጫወታል፣ ለልጆች ቲያትር ምት ያዘጋጃል። ሲተርፈው ደግሞ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ወዳለ ስቱዲዮ ይወርዳል፤ ለዓመታት ያሰበውን፣ ድራም ብቻ የሚሰማበትን አልበም ሊቀርጽ።

ድምፅ ቀራጯን ያገኛት እዚያ ነው። በመጀመሪያው ቀን አንዱን ከበሮ ደጋግሞ እንዲመታ አዘዘችው፤ እሱ ሲመታ እሷ ማይክሮፎኑን በጣት ውፍረት ታስጠጋለች፣ ታርቃለች።

ሰለቸው። «እንዲህ የምትመረምሪኝ ልታገቢኝ ነው እንዴ?»

ቀና ብላ አየችው። «መጀመሪያ ድምፅህን ልስማው።»

ከዚያ ወዲያ ሁለቱን በሚለያቸው መስታወት መተያየት ልማድ ሆነ።

ቀኝ እጁ መዘግየት የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። ከፀጉር የቀጠነች መዘግየት ነበረች፤ ሌላ ሰው አይለያትም። እሷ ለየቻት። እሱም አውቋታል፤ በእያንዳንዱ ቅጂ መሀል ዱላውን አስቀምጦ የደነዘዙትን ሁለት ጣቶቹን ያሻል። እናቱ ጎትጉተውት የሐኪም ቀጠሮ ይዞ ነበር።

አንድ ቀን አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ አንጀቷ አልቻለም። ኮምፒውተሩ ላይ የዘገየውን ምት ሁሉ በማውስ እየጎተተች ወደ ቦታው መለሰችው። በሙያዋ ነውር አይደለም፣ ብዙዎች ያደርጉታል። ነውሩ ለባለቤቱ አለመንገር ነው።

በማግስቱ አዳመጠው። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«እኔ እኮ እጄ የከዳኝ መስሎኝ ነበር» አላት።

ልትነግረው አፏን ከፈተች። ፊቱን አየችና መልሳ ዘጋችው። እጇን መጀመሪያ የያዘው ያን ቀን ነው። ፍቅራቸው ያኔ ተጀመረ ቢባል ውሸት አይሆንም፤ ክፋቱም እሱ ነው።

የሐኪሙን ቀጠሮ ተወው። አብረው መንገድ ለመንገድ ይሄዳሉ፣ ስለሚከራዩት ቤት ያወራሉ። እሱ ሲቀርጽ ይውላል፤ እሱ ከሄደ በኋላ እሷ ትጎትታለች። የሚጎተተው ግን ከቀን ወደ ቀን እየበዛ ሄደ።

እናቱ አንድ ከሰዓት የደረጃውን ብረት ተደግፈው ወደ ስቱዲዮው ወረዱ። ብርጭቆ ከእጁ ሲወድቅ አይተዋል።

«ልጄ፣ የኔን ምክር ከጭቅጭቅ ነው የሚቆጥረው። ያንቺን ጆሮ ግን ያምናል። እጁ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው፣ እማማ።»

«ተመስገን» አሉ እናቲቱ።

በውሸቷ ላይ ፈጣሪ መመስገኑ ከእርግማን በላይ ከበዳት። ቢሆንም ዝም አለች። ዝም ያለችው ዘፋኙ ድኖ ባንዱ እስኪጠራ ድረስ ነው። ነገ ልምምድ አለ፤ እዚያ ደግሞ ጎትቶ የሚያስተካክልለት የለም።

ያልተነካውን ቅጂ ከፈተችለት። እስከ መጨረሻው ሰማው።

«ይሄ ማነው?»

«አንተ ነህ።»

«ያኛውስ?»

«ያኛው እኔ ነኝ።»

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቃት። እጇን ከያዘበት ቀን ዋዜማ ጀምሮ መሆኑን ነገረችው። ጃኬቱን ሲያነሣ ቀኝ እጁ እጅጌውን ማግኘት አቃተው። ልታለብሰው ተነሣች።

«ተይኝ» አለ።

ሐኪሙ ክርኑ ላይ ነርቭ እንደታፈነ ነገረው። ቶሎ ቢመጣ ይለቀቅ ነበር፤ አሁን ቀዶ ሕክምናው እንዳይብስ ይጠብቀዋል እንጂ የሄደውን አይመልስም። ባንዱ ሌላ ድራመር ያዘ። ያን ሊነግረው የመጣው ጊታሪስት ቀልድ ጠፍቶበት ነበር።

እሷ እናቱ ዘንድ ሄዳ እግራቸው ላይ ወደቀች። አነሷት።

«ይቅር እንድልሽ ፈጣሪን እየለመንኩ ነው፤ ገና አልሰጠኝም» አሏት።

ክረምቱ አልፎ፣ ድራመሩ ሳይጠራ ሳይነገር ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። ከስቶ ነበር። ከበሮዎቹን ለግራ እጁ እንዲመቹ አዟዟራቸው። ልታግዘው አልደፈረችም።

«ቅረጪ» አለ። «እንዳትነኪው።»

በአንድ እጅና በሁለት እግር ተጫወተ። ሻካራ ነበር። እየተሰበረ ይነሣል፣ እየተነሣ ይሰበራል። ሲጨርስ ላቡ በአንገቱ ይወርዳል።

«ሂድና እረፍ» አለችው። «እንዳለ እልክልሃለሁ።»

«አይ። እዚሁ ሰምቼው ነው የምሄደው።»

ወንበር ስቦ ከጎኗ ተቀመጠ፤ ክንዱ ክንዷን አይነካም። ቅጂው የሳተበት ቦታ ሲደርስ ጣቷ ሳታስበው ወደ ማውሱ ተንቀሳቀሰ። በሌላኛው እጇ ያዘችው። እሱም አይቷል።

ሲያልቅ ወንበሩን ትንሽ አስጠጋ።

«ድገሚው» አላት።