ማዶ

ቀለም ቀቢው ብሩሹን ቆርቆሮው ውስጥ ነከር አደረገና በሳቂታ ቤት ግድግዳ ላይ ትልቅ ቀይ ኤክስ አሰመረ፤ ቤቱ ለአዲሱ አውራ ጎዳና ሊፈርስ ነው። የሳቂታ እናት ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው ያያሉ። አላለቀሱም፣ አልተሳደቡም። ሳቂታ ራሷ ስሟን የረሳችው ይመስል ከጠዋት ጀምሮ ጥርሷ አልታየም።

«እኔ የምልሽ ቀጮ፣» አለቻት ጓደኛዋን፣ «ክረምት ላይ ውሃ የሚተኛው እኛ ጋ አይደል? አውራ ጎዳናውን በአፈር ቆልለው እዚህ ሲሠሩት፣ ከመፍረስ የተረፈውን ቤት ውሃው ሊበላው ነው። እነዚህ ሰዎች ጤነኛ ናቸው ግን?»

የሳቂታ እናትም ይህንኑ የመንገዱን መስመር ለሚለካው ቀያሽ ነግረውት ነበር። ባለ ሰፊ ባርኔጣው ቀያሽ ግን አልተቀበላቸውም። «እናቴ፣ ቤቱ የተነካበት ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው። ውሃ ያለው በወዲያኛው ወገን መሆኑን አስቀድመን ጠይቀን ተረድተናል» አላቸው።

ቀጮ ይህን ከሳቂታ ስትሰማ ውሃ ሆነች። የተጠየቀችው እሷ ነቻ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሁለቱን ልጆች ቤት የሚለየው አንድ ወንዝ ነው፤ ወንዝ ከተባለ ማለቴ ነው፣ በበጋ ዶሮም ትሻገረዋለች። በእነቀጮ ቤት የሳቂታ ሰፈር ስሙ «ማዶ» ነው። «ማዶ ደርሼ ልምጣ»፣ «የማዶዋ ልጅ መጣች» ሲባል ሰምታ ነው ያደገችው። ባለፈው ወር ቀያሹ ለመንገዱ ከሁለቱ ወገን አንዱን ሊመርጥ ሲመጣ መሬቱ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። ቀጮን እዚሁ ሳቂታ በር ላይ አገኛትና «እህት፣ በክረምት ውሃ የሚያስቸግረው የትኛው ወገን ነው?» አላት።

«ማዶ ነዋ» አለች፣ አፏ እንዳመጣላት። ቆማ የነበረችው ግን ማዶ ራሱ ላይ ነው። ሰውየው ቀና ብሎ ከወንዙ ወዲያ የእነቀጮን ቤት አየና አመስግኗት ሄደ።

«ምን ሆነሽ ነው የፈዘዝሽው?» አለች ሳቂታ።

«መጣሁ» ብላ ወደ ቤቷ ሮጠች።

እናቷ አዲሱን ክፍል ጭቃ እየመረገች ነበር። ክፍሉ የቀጮ ነው፤ ከታናናሾቿ ጋር ተደራርቦ መተኛት ሊቀርላት ነው። ቀጮ የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረቻት።

«ስትነግሪው ማን ሰማሽ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ዝም በይ።»

«ሳቂታስ እማዬ?»

እናቷ ጭቃውን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። «እኔስ አንጀት የለኝም? ግን አባትሽ ወገቡ እስኪቆረጥ የሠራው ቤት ነው። መንገዱ ወደ እኛ ከዞረ ልጆች ይዘን ወዴት እንሂድ?»

ቀጮ ወደ ክፍሏ ገባች። መስኮቱ መስታወት ገና አልገባለትም። በዚያ በኩል ቀዩ ምልክት ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ቀያሹም ዕቃውን መኪናው ላይ እየጫነ ነው። እንባዋ መጣ። በክንዷ ጠረገችውና ወጣች።

«ጋሼ፣» አለችው ስትደርስበት፣ «ያን ጊዜ ማዶ ያልኩዎት እኔ ነኝ።»

«አስታወስኩሽ። እና?»

«አንዴ ይከተሉኝ።»

ሳቂታ ነገሩ ሳይገባት ከበሩ ሆና ታያቸዋለች። ወንዙን ተሻገሩ። የቀጮ እናት ጭቃ በእጇ እንደያዘች ቀና ስትል ቀጮ ዓይኗን ሰበረች። ሰውየውን አዲሱ ክፍል በር ላይ አቆመችውና ወደ ሳቂታ ቤት አመለከተችው።

«እኛ ማዶ የምንለው ከዚህ ሆነን ነው። ውሃው የሚተኛው እዚያ ነው።»

ቀያሹ ቀዩን ምልክት አየ። ዞሮ ደግሞ እርጥቡን ግድግዳ አየ።

«ይሄ የማን ቤት ነው?»

«የእኛ» አለች።