ያልተመረመረው ሥጋ

መልእክቱ ሲገባ ስማራንዳ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ዓይኗ ቀድሞውንም እንባ ስላቀረረ ፊቷ ድንገት ሲለዋወጥ ማንም ልብ አላለም።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ግን እንዳታካብጂ» ይላል የክፍል ጓደኛዋ የኮድሪን ጽሑፍ። «ያቺን የሥጋ ቁራጫችሁን፣ ጫማዬን እስካስር ድመታችን በላቻት። ሐኪም ዘንድ የወሰድኩት የኛን ብቻ ነው። የኛ ንጹህ ከሆነ የናንተም ያው ነው ብዬ ነው ሁለቱም ንጹህ ናቸው ያልኩሽ። ድመቷ ደህና ናት። እሷ ካልታመመች ተመረመረ ማለት አይደል?» ከሥሩ የሚስቅ ፊት ለጥፎበታል።

እንደገና አነበበችው። ግቢው መሃል፣ በረዶው ተጠርጎ በተቀጣጠለው እሳት ላይ፣ የአሳማው ሥጋ በገዛ ስቡ እየተንጨረጨረ ነው።

ጠዋት አሳማው እንደታረደ አባቷ ከምላሱና ከጎድኑ ሥር ትንሽ ቆርጦ በፌስታል ሰጥቷት ነበር። «ቀጥ ብለሽ ወደ እንስሳት ሐኪሟ። መልሷን ሳትሰሚ እንዳትመለሺ» ብሏታል። መንገድ ላይ ግን ኮድሪንን የራሳቸውን ፌስታል አንጠልጥሎ አገኘችው። ከድልድዩ ሥር ደግሞ ወንዙ በረዶ ሠርቶ የክፍሏ ልጆች እየተንሸራተቱ ይሳሳቃሉ። «ስጪኝ፣ ለኔ መንገዴ ነው» አላት። ሰጠችው። እሱ «ሁለቱም ንጹህ ናቸው» ብሎ እስኪደውልላት ስትንሸራተት ቆይታ ወደ ቤት ሮጣ «ንጹህ ነው» አለች። አባቷ አማተበና ድስቱን ጣደ።

በዚህ፣ ከገና በፊት በሚውለው የአሳማ ማረጃ ቀን፣ መንደሩ ውስጥ ያላረደ ቤት የለም። የገና ጾም ገና አልተፈታም፤ ዳሩ ግን ለአሳማው ድግስ ሲባል እግዚአብሔር ለግማሽ ቀን ፊቱን ወደ ሌላ መንደር ያዞራል ተብሎ ይታመናል። ቄሱም ዛሬ ከቤታቸው አይወጡም፤ ከወጡ ማየታቸው ነዋ።

«ማቴይ» ብላ ታናሽ ወንድሟን በሹክሹክታ ጠራችው። «ከድስቱ ምንም አልበላህም አይደል?»

«አጎቴ ጋቭሪል ሰጠኝ» አለ ጣቱን እየላሰ። «መሃሉ ቀይ ነበር። ወንድ ልጅ እንደዚያ ነው የሚበላው አለኝ።»

ስማራንዳ ቢላዋውን አስቀመጠች።

ሐኪሟ ሥጋው ውስጥ ስለምትፈልገው ትል የማያውቅ የለም። በዓይን አይታይም። ሥጋው ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ ከዚያ ወደ በላው ሰው ሥጋ ይዛወራል። ጎረቤታቸው አባባ ኮስታን ከዓመታት በፊት ካልተመረመረ አሳማ የተሠራ ቋሊማ በልተው ፊታቸው ከማበጡ የተነሣ ዓይናቸው ተከደነ፤ ማንኪያ ማንሳት አቃታቸው። ባለቤታቸው አብረዋቸው ሆስፒታል ገቡ፤ የተመለሱት ግን አባባ ኮስታን ብቻ ናቸው። ዛሬም እንደ ሁልጊዜው ማረዱን ሊያግዙ መጥተው፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ማዕዱ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

እናቷ የበቆሎ ገንፎውን ጣውላ ላይ ገልብጣ በክር መቁረጥ ጀመረች። አጎት ጋቭሪል የፕለም አረቄ እየቀዳ ነው። የስማራንዳ ስልክ እንደገና ተንቀጠቀጠ፤ ኮድሪን ነው። «ዝም በያ። ይጠበስ የለ እንዴ? ደግሞ ስሜን እንዳትጠሪ።»

ዝም ማለት ይቻላል። አባቷ አይቆጣም፤ ችግሩም ይኸው ነው። ሲከፋው ዝም ይላል፤ ዝምታው ደግሞ ቤት ውስጥ እንደ ብርድ ይገባል፣ ሳምንት ይቆያል።

ሥጋው ቀረበ። ሹካዎች ተነሡ። የአባባ ኮስታን ሹካ ግን አየር ላይ ቀረ።

«ስማራንዳ ልጄ» አሉ ፈገግ ብለው፣ «ዶክተሯ በማይክሮስኮፑ አሳየችሽ? ለልጆች ታሳያለች እኮ።»

«አሳይታታለች እንጂ» አለ አጎት ጋቭሪል፤ «ብሉ አባባ፣ እየቀዘቀዘ ነው።»

አባባ ኮስታን አልበሉም። እሷን ብቻ ያያሉ። ቃሏን ሰምተው ሊጎርሱ ነው።

«እኔ አልሄድኩም» አለች። ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት። «ለኮድሪን ሰጠሁት። እሱም አላደረሰውም። አልተመረመረም።»

ማንም ሹካውን ወደ አፉ አላደረሰም። ቀድሞ የሳቀው አጎቷ ነው። «ታዲያ ተጠብሷል እኮ። ከዚህ እሳት የሚተርፍ ምን ዓይነት ትል ነው፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው?»

«እኛም ይህንኑ ብለን ስቀን ነበር» አሉ አባባ ኮስታን፤ ሹካቸውን አስቀመጡ።

አባቷ ተነሣ። ሥጋውን ከየሳህኑ ሰብስቦ ወደ ድስቱ መለሰና ከደነው። እናቷ ከጓዳ ለጾም ተቀቅሎ የተደቆሰውን ባቄላ አመጣች፤ አጎት ጋቭሪል ትራፊክ የቅጣት ወረቀት እንደሰጠው ሰው አፍጥጦ አየው።

«ማቴይ ግን በልቷል» አለች ስማራንዳ። «መሃሉ ቀይ የሆነ።»

ይኼኔ የአጎቷም ፈገግታ ጠፋ። እናቷ ማቴይን ጎትታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው፤ እሱ ደግሞ ምን እንዳጠፋ አልገባውም። አባቷ አዲስ ቁራጭ ቆርጦ ፌስታል ውስጥ ከተተና ካፖርቱን ከሚስማሩ ላይ አወረደ።

«እኔ እሄዳለሁ» አለች።

አባቷ ዓይን ዓይኗን አየና ፌስታሉን ሰጣት።

በድልድዩ ስታልፍ ልጆቹ ጠሯት፤ ዞር አላለችም። የሐኪሟ ኮሪደር ፌስታል በያዙ ሰዎች ተሞልቷል፤ ሁሉም ስለ አሳማቸው ክብደት ይዋሻሉ። ሐኪሟ የጓንቷን ጣት እያስተካከለች የስማራንዳን ፌስታል ተቀበለቻት።

«ወደ ቤት ሂጂ፣ ብርድ ነው። ውጤቱን ደውዬ እነግራችኋለሁ።»

«ወንድሜ ትንሽ በልቷል። ጥሬ ነገር ነበር።»

የሐኪሟ እጅ ቆመ። «ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሰባት።»

ሐኪሟ የስማራንዳን ፌስታል አንስታ ከሌሎቹ ሁሉ ፊት አስቀደመችው። ስማራንዳን ከምንም በላይ ያስፈራት ይህ ነው፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

«እዚሁ እጠብቃለሁ» አለች።

በሩ ተዘጋ። ስልኳ ጮኸ። አባቷ ነው።

«ምን አለች?»

«ገና ነው። ማቴይስ?»

«ባቄላ እየበላ ነው። ጨው ያንሰዋል ይላል።» ከዚያ አከለ፦ «ስልኩን አትዝጊው።»

«እሺ አባዬ።»

ሌሎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ያወራሉ። እሷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች፣ ውጤቱን ማንም ቀድሟት እንዳይሰማ፣ ከበሩ አጠገብ ወዳለው ወንበር ተዛወረች።