እንገር የጫነው ተሳቢ

«በግራ በኩል አስገባት» አለ ዱካሞ።

የበረቱ ሠራተኛ የባዝራዋን ገመድ እንደያዘ አመነታ። ተሳቢው ሁለት ፈረስ የሚያስቆም፣ መሐሉ በሳንቃ የተከፈለ ነው። «ባባ፣ በቀኝ አይሻልም?» ሲል ጠየቀ።

«እኔ ከሆሳዕና ሶዶ ዘጠኝ ዓመት ጭነት ነድቻለሁ። ከባድ ነገር በግራ ነው የሚጫነው።» ዱካሞ ገመዱን ተቀብሎ ቡናማዋን ባዝራ ራሱ በግራ ክፍል አቆማት። ስለ መኪና ሰው ሲያስተምረው አይወድም፤ ዛሬ ደግሞ ለማንም ትምህርት ጊዜ አልነበረውም።

ስልኩ የጮኸው ጎህ ሲቀድ ነበር። ደዋዩ የሚስቱ የአስካለች ታናሽ ወንድም ሲላስ ነው። ሲላስ ቴምቢሳ የነበረው ሱቁ ከተዘረፈና ከተቃጠለ ወዲህ ጆሃንስበርግን ትቶ ወደ ሌሶቶ ድንበር ተራሮች ሄደ፤ እዚያም አንዲት ባዝራ ገዝቶ ቱሪስት በፈረስ እያዞረ ለመኖር እንደገና ሀ ብሎ ጀመረ። ያቺ ባዝራ ወልዳ ሞተችበት።

«ውርንጭላው አለ፣ ጋሼ» አለ፤ ድምፁ የበሽተኛ ድምፅ ነበር። «ጡጦ ግን አልይዝ አለኝ። እንገር ሳይቀምስ ከመሸ አይተርፍም አሉኝ። ይኼም ከሞተብኝ እኔ በቃኝ።»

አስካለች ስልኩን ከባሏ እጅ ወሰደችና «አልቅሰህ ስትጨርስ ውርንጭላውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው። እንመጣለን» አለችው። እንዴት እንደሚመጡ ግን እሷም ገና አላወቀችም።

መላው የተገኘው ደጃቸው ላይ ነው። ባልና ሚስቱ የሚኖሩት ከጆሃንስበርግ ዳር፣ ከዲፕስሉት ሰፈር ወጣ ብሎ ባለ የፈረሶች በረት ግቢ ውስጥ ሲሆን ዱካሞ ለበረቱ ድርቆሽ ያመላልሳል። ትናንት ከበረቱ ባዝራዎች አንዷ የሞተ ወልዳለች። ጡቷ በእንገር ተወጥሯል፤ የሚጠባው ግን የለም። ባለቤቲቱ አሮጊት ነገሩ ሲነገራቸው «ውሰዷት» አሉ። አሮጌ ተሳቢያቸውንም ሰጧቸው።

የቀረው ችግር የራሳቸው ቤት ነበር። ቤት ሲባል ፒክአፑ ጀርባ ላይ የተጫነች፣ አልጋና ምድጃ ያላት ካምፐር ናት። ዲፕስሉት የነበረው ሱቃቸው ለሦስተኛ ጊዜ ሲዘረፍ ዱካሞ «ከእንግዲህ መሸሽ በማይችል ቤት አልተኛም» ብሎ ነው የገዛት። እሷን ለማውረድ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ውርንጭላው ደግሞ ግማሽ ቀን የለውም። ስለዚህ ቤቱን በጀርባ አዝለው፣ ባዝራዋን ከኋላ አስከትለው ተነሡ። ካምፐሯ የሾፌሩን የኋላ እይታ ስለጋረደችው አስካለች እውስጧ ተቀመጠች። በኋላ መስኮት ባዝራዋን ታያለች፤ በፊት ባለችው ትንሽ መስኮት ደግሞ ያየችውን ለባሏ ታቀብላለች። ሕግ ይህን ይፈቅድ እንደሆነ ማንንም አልጠየቁም።

ሰፊው አውራ ጎዳና ላይ ሁሉም ሰላም ነበር።

«ምን ታደርጋለች?»

«ድርቆሿን ትበላለች። መዝሙር ስዘምርላት ጆሮዋን ታቆማለች።»

«እንግዲያው ዘምሪላት።»

ከአውራ ጎዳናው ወጥተው ወደ ጠባቡ የገጠር መንገድ ሲታጠፉ ነገሩ ተለወጠ። ሜዳው እስከ ሰማይ ጠርዝ ተዘርግቷል፤ አስፋልቱ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው፤ ከደቡብ በኩል ሆዱ የጠቆረ ደመና ይነሣል። ዱካሞ መሪውን ወደ ቀኝ ቢይዝም ተሳቢው ወደ ግራ ይጎትተዋል።

«ዱካሞ፣ ባዝራዋ አልተመቻትም። አራት እግሯን ተክላ ላብ በላብ ሆናለች።»

«ፈረስ ያልበዋል።»

«ተሳቢውም ተንጋዷል።»

«መንገዱ ነው።»

መንገዱ ነው ማለቱ ልክ ነበር። ምን ያህል ልክ እንደሆነ ግን አልገባውም።

ያን ጊዜ ከኋላ አንድ አሮጌ ፒክአፕ ደረሰባቸውና መብራት አብለጨለጨ። ጎን ለጎን ሲሆኑ ብርድ ልብስ የደረበች ሴት እጇን ወደ ግራ መስኮቷ ዘርግታ ደጋግማ ወደ ተሳቢው ግራ ጎማ ጠቆመች። ጆሃንስበርግ የኖረ ሾፌር ይህን ምልክት ያውቀዋል፤ «ጎማህን እየው» ብለው ያስቆሙህና መኪናህን ይዘው ይሄዳሉ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ዱካሞ ነዳጅ ሰጠ።

«ሴት እኮ ናት» አለች አስካለች።

«ሴትም ሃይጃክ ታደርጋለች።»

በረዶው የወረደው በዚያው ቅጽበት ነው። የዋርካ ፍሬ የሚያህል በረዶ ኮፈኑን ቀጠቀጠው፤ የካምፐሯ ጣራ እንደ ከበሮ ጮኸ፤ መንገዱ ነጭ ሆነ። የተሳቢው ግራ ጎማ ከአስፋልቱ ጠርዝ ወረደ። ተሳቢው ወደ ቀኝ ተወረወረ፣ ተመልሶ ወደ ግራ ተወረወረ፣ ከባዷን ካምፐርም አብሮ ወዘወዛት። የፒክአፑ አፍንጫ ቀለለ፤ መሪው በዱካሞ እጅ ውስጥ ባዶ ሆነ። እግሩ ወደ ፍሬኑ ሮጠ።

«ፍሬን አትያዝ! ተንበርክካለች!»

ዱካሞ እግሩን አነሣ። በሕይወቱ ከባዱ ነገር ያ ነበር፤ እየተወረወረ ምንም አለማድረግ። መሪውን ቀጥ አድርጎ ያዘ፤ ፍጥነቱ በራሱ እስኪሞት ጥርሱን ነክሶ ጠበቀ። ተሳቢው ሦስት ጊዜ ተወዛወዘ፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ፣ በመጨረሻም ግራ ጎማው ቦይ አፋፍ ላይ ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ ቆመ።

ያ አሮጌ ፒክአፕ ከኋላቸው ቆመ። ዱካሞ የጎማ መፍቻውን ጨብጦ ወረደ። ሴትዮዋ ብርድ ልብሷን በራሷ ላይ ጥላ፣ መፍቻውን አየት አድርጋ አልፋው ወደ ተሳቢው ሄደች። በስልሳዎቹ ውስጥ ያለች ጠንካራ ሴት ናት።

«ሳውቦና፣ ባባ» ብላ በዙሉ ሰላምታ ሰጠችው፤ ቀጥላም በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ልትመታኝ ከፈለግህ ቆይተህ ትመታኛለህ። መጀመሪያ ፈረሷን እናንሣ» አለችው።

ስሟ ፑሌንግ ነው፤ ዕድሜዋን በሙሉ ፈረስ ስታጓጉዝ የኖረች የሶቶ ሴት። ባዝራዋ ራሷ እየተንገዳገደች ስትነሣ ፑሌንግ ጉልበቷን ዳበሰችና ወደ ዱካሞ ዞረች።

«አንድ ፈረስ ብቻ ስትጭን ከሾፌሩ ኋላ ነው የምታቆመው። እዚህ አገር ሾፌር የት ነው የሚቀመጠው?»

ዱካሞ የወጣበትን በር ዞሮ አየ። ቀኝ ነው።

«መንገድ መሐሉ ከፍ፣ ጠርዙ ዝቅ ይላል» አለች። «በግራ ስለምንነዳ ተሳቢህ ሁልጊዜ ወደ ግራ ያዘነብላል። ክብደቱን በከፍታው በኩል ካላደረግኸው ቦይ ውስጥ ይገባል። ይህንን ልነግርህ ነበር የጠቆምኩህ።»

በሆሳዕና መንገድ በቀኝ ይነዳል፤ ሾፌሩ በግራ ይቀመጣል። ዱካሞ ዘጠኝ ዓመት «በግራ፣ በግራ» ሲል ምክንያቱን ረስቶ ልማዱን ብቻ ይዞ ድንበር ተሻግሮ ኖሯል። ድርቆሽ ሲጭን ደግሞ ሁለቱንም ጎን እኩል ስለሚሞላ ስህተቱ ተደብቆለት ነበር። የጎማ መፍቻውን ወደ ኋላው ደበቀ። በጣም አፈረ።

«ይቅርታ፣ እናቴ» አለ።

ባዝራዋን አውርዶ በሌላው ጎን መጫን ግድ ነው፤ ሜዳው ደግሞ አጥር የለውም፤ ነጎድጓዱም አላባራም። እዚህ ካመለጠች ማንም አይደርስባትም። አስካለች ገመዱን ያዘች። «የምታውቀው የእኔን ድምፅ ነው» አለች።

ባዝራዋ ከተሳቢው ስትወርድ መብረቅ ሰማዩን ሰነጠቀው። በሁለት እግሯ ቆማ አስካለችን ከመሬት አነሣቻት፣ ጣለቻት፣ በበረዶው ላይ አሥር እርምጃ ጎተተቻት። ገመዱ መዳፏን ላጠው። አስካለች አልለቀቀችም። በሆዷ እንደተኛች ያንኑ የጠዋቱን መዝሙር ጀመረች። ባዝራዋ በአፍንጫዋ እየነፋች ቆመች፤ ጆሮዋን አቆመች።

«ነይ እናት ዓለም፣ ልጅ ይጠብቅሻል» አለቻት አስካለች እየተነሣች። ባዝራዋ ተከተለቻት፤ በቀኝ በኩልም ገባች።

ፑሌንግ ከኋላ እየገፋች ተሳቢው ከጭቃው ወጣ፤ ስትሰናበታቸውም አንድ ምክር ጨመረች። «ተራሮቹ ላይ ካለው ብሔራዊ ፓርክ ወዲያ ያለው ወንዝ ላይ ፈረስ ሌቦች አሉ። እዚያ ለማንም አትቁሙ። ለእኔም ቢሆን።»

አሁን ተሳቢው እንደ ታዘዘ በሬ ይከተል ጀመር። ዱካሞ እጁን ወደ ማርሹ በሰደደ ቁጥር ከኋላው የቆሙትን አራት እግሮች ያስባል። ኩርባ ሲመጣ ቀድሞ ያቀዘቅዛል፤ ፍሬኑን በጣቱ ጫፍ እንደሚነካ ሰው ይነካዋል። ተራሮቹ ተነሡ፤ ቢጫ ገደሎች ከሣሩ መሐል ቀጥ ብለው ቆሙ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ግን ቤት፣ ፈረስና ዳገት አንድ ላይ የከበዱት ሞተር ጨሰ።

ዱካሞ ጠርዝ ይዞ ቆመና ከካምፐሯ ታንከር ውሃ እየቀዳ ራዲያተሩን ሊያበርድ ወረደ። ኮፈኑን እንደከፈተ ገደሉ ጮኸ። ሠላሳ ያህል ዝንጀሮዎች ከድንጋዩ ላይ ተንደርድረው ወረዱ፤ ፈረጠም ያለው ወንዱ ካምፐሯ ጣራ ላይ ወጥቶ የአየር ማስገቢያውን ክዳን ነቀለና ግማሽ አካሉን ወደ ውስጥ ሰደደ። አስካለችና ዝንጀሮው በአንድ ድፎ ዳቦ ግራና ቀኝ ተፋጠጡ። ባዝራዋ የተሳቢውን ግድግዳ በርግጫ ትደበድበው ጀመር።

አስካለች ድፎውን አንሥታ በሩን በእግሯ ከፈተችና ባላት ጉልበት ወደ ገደሉ ወረወረችው። ዳቦው ተንከባለለ፤ መንጋው እየተራገጠ ተከተለው፤ ወንዱም መሪነቱን እንዳያጣ ከጣራው ዘሎ ሮጠ።

«ምን ሰጠሻቸው?» አለ ዱካሞ ኮፈኑን እየዘጋ።

«ምሳህን።»

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ወንዙ ደረሱ። ድልድይ የለውም፤ መንገዱ በጥልቀት ከጉልበት በታች በሆነ ውሃ ውስጥ ያልፋል። ከውሃው በፊት ድንጋይ ተደርድሮ መንገዱ ተዘግቷል። ሦስት ሰዎች ዱላ ይዘው ቆመዋል። አንደኛው ፈገግ ብሎ እጁን አነሣ።

«ፈረሷን አውርዳችሁ በሰላም ሂዱ» ብሎ ጮኸ።

ወደኋላ መመለስ አይቻልም፤ ካምፐርና ተሳቢ በጠባብ መንገድ ላይ ወደኋላ ከተገፉ ይታጠፋሉ። በዲፕስሉት ሦስት ጊዜ በር ከፍቶ «ውሰዱ» ያለው ዱካሞ ነው። ፍርሃቱ ዛሬም አልቀረም። ነገር ግን ከድንጋዮቹ በስተግራ ሣር የለበሰ ተዳፋት ወደ ውሃው ሲወርድ አየ። ጠዋት እንደተጫነው ቢሆን ኖሮ ተሳቢው እዚያ ላይ ይገለበጥ ነበር።

«አስካለች፣ አንድ ነገር ያዢ።»

«ይዣለሁ።»

አንደኛ ማርሽ አስገብቶ አራቱንም ጎማ አሠራ። አልቸኮለም። የቤቱን፣ የባዝራዋንና የሚስቱን ክብደት እየተሰማው በተዳፋቱ ወረደ። ሰዎቹ ሮጡ። የመጀመሪያው ዱላ መስታወቱን ሰነጠቀው፤ ሁለተኛው ስፖኪዮውን ወሰደው። ውሃው ጎማውን እስከ አጋማሹ ዋጠው፤ ዱካሞ እግሩን ከነዳጁ ሳያነሣም ሳይጨምርም ቀጠለ።

ሦስተኛው ሰው ካምፐሯንና ተሳቢውን በሚያገናኘው ብረት ላይ ዘሎ ወጣና ማያያዣውን ሊነቅል ጎንበስ አለ። ከራሱ በላይ መስኮት ሲከፈት አልሰማም። አስካለች የያዘችው ዘነዘና ነበር። አንዴ ጣቶቹ ላይ አሳረፈችው። ሰውየው ጮኾ ውሃው ውስጥ በጀርባው ወደቀ።

ጎማዎቹ በማዶው ዳር ጭቃ ላይ ተሽከረከሩ፣ ያዙ፣ ተንፏቀቁ። ፒክአፑ ወጣ፤ ካምፐሯ ወጣች፤ ተሳቢውም ውሃ እያንጠባጠበ ወጣ።

«አለች?» ጠየቀ ዱካሞ።

«ቆማለች። አንተ ብቻ ንዳ።»

ከሲላስ በረት ሲደርሱ ፀሐይ ከተራራው ጫፍ አንድ ክንድ ቀርቷት ነበር። ውርንጭላው ብርድ ልብስ ውስጥ ተኝቷል፤ ዓይኑን ይገልጣል እንጂ አንገቱን አያነሣም። ባዝራዋን አስጠጓት። አሸተተችው፤ ጆሮዋን ወደኋላ ጣለች፤ ጥርሷን አውጥታ ልትነክሰው ተወረወረች።

«ልጇ አይደለማ። አወቀች» አለ ሲላስ፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ዱካሞ ወደ ካምፐሯ ሮጠ። አገር ቤት ላም ጥጃዋን አልቀበል ስትል አባቱ የሚያደርገውን አስታውሶ የጨው ቆርቆሮ ይዞ ተመለሰ። አስካለች በተላጠ እጇ ባዝራዋን ራስ ራሷን እያሻሸች ያዘቻት፤ እሱ ከጡቷ ጥቂት እንገር አልቦ ከጨው ጋር ለወሰና የውርንጭላውን ጀርባና አንገት ቀባው። ከዚያ ሦስቱም ጠበቁ።

ባዝራዋ አሸተተች። የራሷን ሽታ ነው ያገኘችው። ላሰች። ጨው ነው፤ ደግማ ላሰች። ከጀርባው ወደ አንገቱ፣ ከአንገቱ ወደ ግንባሩ ሄደች፤ ቀስ ብላም ከሆዷ የሚወጣ ዝቅ ያለ ድምፅ አሰማችው። ውርንጭላው አንገቱን አነሣ። ሲላስ ከስሩ ደግፎ አቆመው፤ እግሮቹ ተጥመለመሉ፣ ወደቀ፣ እንደገና አቆሙት። ባዝራዋ ራሷ ጎኗን አዞረችለት።

የመጀመሪያው የመጥባት ድምፅ ሲሰማ አስካለች አለቀሰች። ሲላስ ጭቃው ላይ ተቀምጦ «ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ» ይላል። ዱካሞ ደስታው አላስቀምጥ አለው፤ እየሳቀ አንዴ ወደ በሩ፣ አንዴ ወደ ውርንጭላው ይመላለሳል።

ስልኩ ጮኸ። የባዝራዋ ባለቤት ናቸው። ዱካሞ ስለ ተሰነጠቀው መስታወት፣ ስለ ተሳቢው፣ ባዝራዋ ለወራት እዚህ ልትቆይ ስለመሆኑ ሊነግራቸው አፉን ከፈተ። አሮጊቷ ግን የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ጠባ?»

ጎንበስ ብሎ ስልኩን ወደ ባዝራዋ ሆድ አስጠጋላቸው፤ እሳቸውም እስኪበቃቸው አዳመጡ።